ቁመቱ 9 ጫማ የሆነ መኪና ይዞ መኖር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ካምፐር ቫን ናቸው፣ ማለትም ውስጡ አልጋና ምድጃ ተሰርቶለት ሰው ቆሞ የሚራመድበት፣ ሃይ ሩፍ ስለምንለው ባለ ረጅም ጣሪያ ቫን። ሁሉም የሚጠይቁት ደግሞ ስለ ቬኬሽን አይደለም፣ ሰኞ ጠዋት ስራ ስለመሄድ፣ ልጅ ስለማድረስ፣ ገበያ ስለመውጣት ነው። እኔ 4 አመት ሆነኝ ከሱ ሌላ መኪና የለኝም፣ ራም ፕሮማስተር ነው የምነዳው፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስመላለስበት ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ የምመልሰው ከራሴ ኑሮ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ነርስ ነኝ፣ የ4 እና የ7 አመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ አንድ ሰው ውስጡን ያሰራው ፎርድ ትራንዚት ሃይ ሩፍ ቫን አይቶ ልቡ ሸፍቷል፣ ኮሮላውን ሸጦ እሱን ሊገዛ ነው። ለቬኬሽንማ እኔም ደስ ይለኛል፣ እሱ ግን በየቀኑ ስራ እሄድበታለሁ፣ ልጆቹንም አመላልስበታለሁ ነው የሚለው። ስራው ዳውንታውን ዲሲ ነው፣ ህንፃው ስር ያለ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚያቆመው። እውነት ይቻላል? (የልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል፣ ግን ባለቤትሽ ባሰበው መንገድ አይሆንም። መጀመሪያ ጋራዡን እንይ። ትራንዚት ሃይ ሩፍ ከመሬት እስከ ጣሪያ 9 ጫማ ከ2 ኢንች ገደማ ነው፣ የኔው ፕሮማስተር ዝቅ ይላል፣ 8 ጫማ ከ5 አካባቢ። ዳውንታውን ያሉት ጋራዦች በር ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ ባር ሄዶ ያንብበው፣ ብዙዎቹ 6 ጫማ ከ8 ወይ 7 ጫማ ነው የሚሉት። ለዊልቼር ቫን የሚዘጋጀው ቦታ እንኳን በህግ የሚጠየቀው ቢያንስ 98 ኢንች ነው፣ 8 ጫማ ከ2 ማለት ነው፣ እዚያም አይገባም። እና ባለቤትሽ ቫኑን ከገዛ ያ ጋራዥ ለሱ ተዘጋ ማለት ነው፣ ከፍዬ እገባለሁ ብሎም አይሆንም። ያለው ምርጫ ወይ ሜዳ ላይ የሆነ ፓርኪንግ ፈልጎ በወር መክፈል ነው፣ ወይ እንደ ግሪንቤልት ያለ ሰፊ ሜዳ ያለው የሜትሮ ጣቢያ አቁሞ በባቡር መግባት ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የማደርገው፣ ለምጄዋለሁ፣ እንደውም ባቡር ላይ ማንበብ ጀመርኩ፣ ግን ጠዋት ላይ 25 ደቂቃ ጨምሮብኛል፣ ያንን ሳይደብቅ ይቁጠረው።

ቁመት ስል ደግሞ ብሮሹር ላይ የተፃፈውን አይደለም። ቫኑን በገዛሁ በሁለተኛው ወር አንድ ፋርማሲ ድራይቭ ስሩ (ከመኪና ሳይወርዱ መድኃኒት የሚቀበሉበት መስመር) ውስጥ ገባሁ፣ ባሩ 8 ጫማ ከ6 ይላል፣ እኔ ደግሞ ቫኔ 8 ከ5 ነው ብዬ በሙሉ ልብ ነዳሁ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የአየር ማውጫ ፋን ተጨማሪ 5 ኢንች ገደማ እንዳለው ረስቼ። ክዳኑ ተሰበረ፣ ያን ጊዜ ይሄን ያህል አልመሰለኝም ነበር፣ ሌሊት ዝናብ ጣለና ፍራሹ ራሰ፣ ውሃው እንጨቱ ስር ገብቶ ለማድረቅ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስለዚህ ባለቤትሽ ከነፋኑ ከነሶላሩ በሜትር ይለካው፣ 2 ኢንች ይጨምርበት፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ፅፎ ፀሀይ መከለያው ላይ ይለጥፈው፣ አንቺም እንድታይው፣ ቫኑን ተውሶ የሚነዳው ሰውም እንዲያየው። አውቶማቲክ የመኪና ማጠቢያም አብዛኛው አይገባም፣ በእጅ ማጠብ ነው፣ ወይ ለትራክ የተሰራ ማጠቢያ መፈለግ ነው።

ከጋራዡ በላይ ያሳሰበኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። ሰዎች ራሳቸው ያሰሩት ቫን አብዛኛው ቀበቶ ያለው መቀመጫ 2 ብቻ ነው ያለው፣ የሹፌሩና የጎኑ። ከኋላ ያለው ሶፋ ለመቀመጥ ያምራል፣ ግን እንጨት ላይ የተመታ ቀበቶ ቀበቶ አይደለም፣ በግጭት ጊዜ ከነእንጨቱ ነው የሚነቀለው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 አመት በታች የሆነ ልጅ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ካልደረሰ በስተቀር በልጅ መቀመጫ መሄድ አለበት፣ ሁለቱም ልጆችሽ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከኋላ ወደፊት የሚያይ፣ ከሻሲው ጋር የታሰረ፣ ፈተና ያለፈ መቀመጫ ስንት አለው? መልሱ ዜሮ ከሆነ ቫኑን ተዉት፣ ዋጋው ምንም ቢሆን። ፋብሪካ የሰራው መቀመጫ ያለውን የመንገደኛ ቫን ገዝቶ ከኋላው ታጣፊ አልጋ ማስገባት ይቻላል፣ ለእናንተ ቤተሰብ እኔ የምለው ይሄን ነው። አልጋው ይጠባል፣ ምናልባት ካቢኔትም አይኖረውም፣ ግን ልጆቹ ታስረው ይሄዳሉ።

የነዳጁን ነገር በአጭሩ ልበል። እንዲህ ያለ ቫን በጋሎን 15 ማይል አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ኮሮላ 33 ቢሄድ በአመት 10,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ወደ 364 ጋሎን ይመጣል፣ ጋሎኑን 3 ዶላር ከ50 ብንለው 1,270 ዶላር ገደማ ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ ቫኑን እንጂ ውስጡ የተሰራውን ነገር ላይሸፍን ይችላል፣ አልጋው፣ ባትሪው፣ ካቢኔቱ በዝርዝርና በዋጋ ፖሊሲው ላይ ካልተፃፈ አደጋ ቢደርስ የባዶ ቫን ዋጋ ነው የምታገኙት። ይሄ ብዙ ሰው ያቃጠለ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ባለቤትሽ ለምን ልቡ እንደሸፈተ ልንገርሽ፣ እውነቱን ነውና። ቅዳሜ ጠዋት ልጅ ኳስ ሜዳ አድርሰሽ ዝናብ ሲመጣ ቆመሽ ልብስ ትቀይሪለታለሽ። ሽንት ሲመጣባቸው ማክዶናልድ ፍለጋ የለም። ለማህሌት ሌሊት ቤተክርስቲያን ስትሄዱ ህፃናቱ አልጋቸው ላይ ይተኛሉ፣ አንዳችሁ አብራችሁ ሆናችሁ ማለት ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ከ8 አመት በታች የሆነን ልጅ ቢያንስ 13 አመት የሞላው ሰው ከጎኑ ሳይኖር መኪና ውስጥ መተው በህግ ያስጠይቃል። ዘመድ ቤት ሲቀይር ሶፋው በአንድ ዙር ያልቃል፣ ለዚህ ብቻ እንኳን ስልክሽ ስንቴ እንደሚጠራ ታያለሽ። በየአመቱ ጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር፣ ከ1984 ጀምሮ ያለው፣ ያን ሳምንት የሆቴሉ ዋጋ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ እኛ አንድ የካምፕ ቦታ ይዘን አድረን ጠዋት ሜዳው ጋ እንደርሳለን። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ደግሞ አርብ ከስራ ወጥተሽ ፍሮንት ሮያል ከዲሲ 70 ማይል ገደማ ነው፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሆነ ቁመቱ አያሳስብም፣ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው የካምፕ ቦታ አስይዘሽ ከሆነ እዚያው ታድራላችሁ።

እና የኔ ምክር፣ ኮሮላውን አትሽጡ። ወይም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ የሄዳችሁበትን ቦታ ሁሉ ፃፉ፣ ዴይኬሩን፣ ሆስፒታሉን፣ ግሮሰሪውን፣ የጥርስ ሀኪሙን፣ የጓደኛ ቤቱን፣ ከያንዳንዱ ጎን የፓርኪንጉን በር ቁመት ፃፉ። ከዛ አንድ ሶስት ቀን ያንኑ ሞዴል ተከራይታችሁ እዛው ቦታዎች ሂዱበት። ያ ሶስት ቀን ባለቤትሽንም አንቺንም ያሳምናችኋል፣ ወደየትኛው እንደሚያሳምን እኔ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አሌክሳንድሪያ ታውንሃውስ ነው የምኖረው። ረጅሙን ፕሮማስተር ገዝቼ ገና ሶስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ከኤችኦኤው (ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር) ደብዳቤ መጣልኝ፣ ሪክሪዬሽናል ቪይክል፣ የመዝናኛ መኪና ማለት ነው፣ እዚህ ማቆም አይቻልም፣ በ10 ቀን ውስጥ አንሳ ይላል። የራሴ ፓርኪንግ እኮ ነው የቆመው! (ግራ የገባው)

መልስ፦ አይዞህ፣ ግን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ እንዳትከተው፣ ዝም ካልከው ቅጣቱ ይጨምራል፣ ከዛ በራስህ ወጪ ቶው ይደረጋል። ቤቱን ስትገዛ የፈረምከውን መተዳደሪያ ደንብ አውጣና ሪክሪዬሽናል ቪይክል የሚለውን እንዴት እንደተረጎመው ቃል በቃል አንብብ። አንዳንዱ በርዝመት ነው የሚገድበው፣ አንዳንዱ በቁመት፣ አንዳንዱ ታጉ ላይ በተፃፈው አይነት፣ አንዳንዱ ደግሞ የመኖሪያ ዕቃ ስላለው ብቻ። ቃሉ አንተን የማይነካ ከሆነ አንቀፁን ጠቅሰህ በፅሁፍ መልስ ስጥና በፅሁፍ ማረጋገጫ ጠይቅ፣ በቃል እሺ ያለህ የቦርድ አባል በሚቀጥለው ምርጫ ላይኖር ይችላል። የሚነካህ ከሆነ ደግሞ መከራከሩ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ሜዳ ላይ ያለ ስቶሬጅ ተከራይ፣ እኔም የመጀመሪያውን አንድ አመት እንደዛ ነው ያሳለፍኩት፣ ቫኑን ለማምጣት የሰው መኪና ያስፈልግ ስለነበር ያን አመት የዕለት መኪና ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ስለ ርዝመቱም ልንገርህ፣ አልጠየቅከኝም ግን ይጠቅምሃል። ያንተኛው 236 ኢንች ነው፣ 6 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ የተለመደው የፓርኪንግ መስመር ደግሞ 18 ጫማ፣ 216 ኢንች። ስለዚህ 20 ኢንች ወጥቶ ይቀራል። በኋላ እየገባህ አቁም፣ የኋላ ጎማው መስመሩ ጫፍ ሲደርስ ትርፉ ሳሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ግን ከኋላህ እግረኛ የሚሄድበት ከሆነ አታድርገው፣ ጋሪ የምትገፋ እናት አስፋልት ውስጥ ልትወርድ ነው። የኔው አጭሩ 213 ኢንች ነው፣ መስመሩ ውስጥ ልክ ይገባል፣ አልጋዬ ግን በቁመቴ ሳይሆን በወርዱ ነው የተሰራው፣ ጉልበቴን አጥፌ ነው የምተኛው። በአመት 300 ቀን ለማቆም ስል 40 ሌሊት ጉልበቴን ማጠፍ መርጫለሁ፣ ይሄ ሂሳብ ለያንዳንዱ ሰው ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነኝ፣ ናፍጣ የሚጠጣ የመርሴዲስ ስፕሪንተር ቫን አለኝ፣ ስራዬ ከቤቴ 3 ማይል ነው። በክረምት የሞተር መብራት በየጊዜው ይበራብኛል፣ ጋራዥ ስወስደው ፊልተር ነው ይሉኛል። ውሃውም አንዴ በርዶ ፈንድቶብኛል። ክረምቱን አቁሜው ልውል? (ብርዱ ያስመረረው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የ3 ማይሉ ነገር ነው ችግሩ። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ጥላሸቱን የሚይዝ ፊልተር አለው፣ ያ ፊልተር ራሱን የሚያፀዳው በጣም ሲግል ጥላሸቱን አቃጥሎ ነው፣ 3 ማይል ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የሚያልቀው፣ በተለይ ባንተ ብርድ። በየቀኑ እንዲህ ሲሆን ይጠራቀምና ይዘጋል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሃይዌይ ላይ 30 ደቂቃ ያህል ሳታቆም ንዳው፣ መሃል ላይ ማጽዳት ከጀመረም ሞተሩን አታጥፋበት። ይሄን ማድረግ የማትችል ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ላንተ አይነት ኑሮ ቤንዚን የሚጠጣ ቫን ነበር የሚሻለው፣ ትራንዚቱም ፕሮማስተሩም አብዛኛው ቤንዚን ነው፣ ትራንዚቱ ከ2020 ጀምሮ በአራቱም ጎማ የሚነዳ አለው፣ ለበረዶ ጥሩ ነው።

ውሃውን ኦክቶበር ላይ ሙሉ በሙሉ አፍስሰው፣ ታንኩን ብቻ አይደለም፣ ፓምፑንም ቧንቧውንም፣ ከዛ ለካምፐር የሚሸጠውን ሮዝ ፀረ ብርድ አሳልፍበት፣ የሞተሩን አረንጓዴ ፈሳሽ እንዳታደርግ እሱ መርዝ ነው። ክረምቱን ሙሉ በጄሪካን ውሃ ትጠቀማለህ። ሊቲየም ባትሪ ከሆነ ያለህ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ማድረግ ይገድለዋል፣ ራሱ የሚቆርጥ ወይ የሚያሞቅ ካልሆነ ክረምት ላይ ከአልተርኔተሩ አላቀው። ጣሪያው ላይ የሚከመረውን በረዶ ነገር ደግሞ ሰው አያስበውም፣ ዘጠኝ ጫማ ላይ ያለ በረዶ ከታች አይታይህም፣ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ስትይዝ ተንሸራቶ መስታወቱን ሙሉ ይሸፍነዋል፣ ወይ ሃይዌይ ላይ ከኋላህ ያለው ሰው ላይ ይወድቃል። እጀታው የሚረዝም መጥረጊያና ትንሽ ታጣፊ መሰላል ከኋላ በር ስር አስቀምጥ፣ ጠዋት 10 ደቂቃ ነው። ማሞቂያ ከፍተህ የምትተኛም ከሆነ ከስር ያለው ጭስ ማውጫ በበረዶ አለመደፈኑን እያየህ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው። እዚህ ሰው ሁሉ ፊያት ዱካቶ ነው የሚገዛው፣ እኛም ልንገዛ ነው፣ ግን አንድ መኪና ብቻ ነው ማቆም የምንችለው፣ እሱም ከህንፃው ስር። ምን ትላለህ? (ባልና ሚስት)

መልስ፦ ከስር ከሆነ ዱካቶውን እርሱት። የተለመደው ከፍታው እንኳን 2 ሜትር ከ52 ነው፣ እናንተ ጋ ብዙው የምድር ቤት ፓርኪንግ 2 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የሚያቆመው። ጣሪያው የሚነሳና የሚወርድ ቫን አለ፣ ፎልክስቫገን ካሊፎርኒያ ከነዚህ አንዱ ነው፣ ጣሪያው ሲወርድ ከ2 ሜትር በታች ነው፣ ማታ ስታነሱት ከላይ አልጋ ይወጣል። በክረምት ከላይ ያለው ጨርቅ ይበርዳል፣ ቀን ቀን ቆሞ መራመድ የለም፣ ዋጋውም አይቀመስም፣ ግን ቤታችሁ ስር ሊገባ ይችላል። ለሁለት ሰው ይበቃል። በሩን ለኩና ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነኝ። ቫን ውስጥ ቡና ማፍላት ይቻላል? ሚስቴ ያለ ጀበና የትም አልሄድም ትላለች፣ እንጀራም እዛው መጋገር ትፈልጋለች። ትንሽ የከሰል ምድጃ ይዘን በሩን ከፍተን ብናደርገውስ? (የዳላሱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሰሉን በጭራሽ። በሩ ቢከፈትም፣ ፋኑ ቢሰራም፣ ዝናብ ቢሆንም። አገር ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው፣ ያ የሆነው እንግዲህ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቫን ማለት የአንድ ቁምሳጥን ያህል አየር ነው ያለው። የከሰሉ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ነው የሚሰማህ፣ ከዛ ለመነሳት ጉልበት ታጣለህ። ፍሙ ያለፈ መስሎህም ወደ ውስጥ እንዳታስገባው፣ አመድ የለበሰ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ጋዙን ይሰጣል። ከሰሉ ውጪ ሜዳ ላይ፣ ከቫኑ ራቅ ብሎ፣ ካምፑም ከፈቀደ። እጣኑም እንደዛው ውጪ ይጨስ።

ጀበናውን በተመለከተ፣ የሸክላ ጀበና ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ አይሰራም፣ ብዙ ሰው ቫኑን ኢንዳክሽን አሰርቶ ነው ይሄን የሚያውቀው፣ ማግኔት የሚይዝ ብረት ነው የሚፈልገው። ወይ ብረት ጀበና ግዙ፣ ታቹ ላይ ማግኔት ይዛችሁ ሞክሩት፣ ወይ ትንሽ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያዙ። ጋዝ ያለው ቫን ከሆነ ሸክላው ይሰራል፣ ግን ጋዙ የራሱ ጣጣ አለው፣ እኛ ሰፈር ለምሳሌ የባልቲሞርን ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር ይዞ ማለፍ ክልክል ነው፣ ድሮ በባልቲሞሩ ኪ ብሪጅ እንዞር ነበር፣ ድልድዩ ማርች 2024 ከወደቀ በኋላ ግን በምዕራብ በኩል ዙሪያውን ነው የሚኬደው። እኔ በዚህ ምክንያት ጋዙን አስወጥቼዋለሁ።

እንጀራው ላይ ሂሳቡን ልስራልህ። ኤሌክትሪክ ምጣዱ 1,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፣ የ12 ቮልቱ 200 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 2,500 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ በኢንቨርተሩ የሚባክነውን ስታወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ባዶ ይሆናል፣ ፍሪጁም መብራቱም አብሮ ይጠፋል። ቤት ጋግራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ መብራት ያለው የካምፕ ቦታ ያዙና ሰክታችሁ ጋግሩ፣ እኛ እንደዛ ነው የምናደርገው፣ ጠረጴዛው ላይ ውጪ፣ ጎረቤት ካምፐሮች ሳይቀሩ መጥተው ይቀምሳሉ። ቁሌቱንም ውጪ አቁላሉት፣ የሽንኩርትና የበርበሬው ሽታ ፍራሹና መጋረጃው ውስጥ ከገባ ሰኞ ስራ ስትሄድ ከኮትህ ጋር ይገባል፣ በየቀኑ የምትነዳው መኪና ነውና።

ለሚስትህ ብላችሁ አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ግዙ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ፣ ምንም ባታበስሉም፣ ማሞቂያውም ጎረቤት ቆሞ የሚሰራ መኪናም አለና። አልጋው ራስጌ ጎን ግጠሙት፣ ካቢኔት ውስጥ ሳይሆን፣ ጀርባው ላይ የማለቂያ ቀን አለው፣ ያለፈበት ከሆነ ቢጮህም ባይጮህም ቀይሩት። ያገለገለ ቫን ከገዛህ መጀመሪያ የምታየው እሱን ይሁን፣ የኔውን ስገዛ ቀኑ ካለፈ 3 አመት ሆኖት ነበር።